አብሮ የበቀለ አብሮ ይስማማልን? የኢጣሊያ ክፍላተ ሀገር ቀይ ወይን ጠጆችና ምግቦቻቸው

አኅጽሮተ ጥናት

ስለ ኢጣሊያ ወይን ጠጅ የሚጽፉ ሰዎች፣ በአንድ አካባቢ የሚበቅል ወይንና በዚያው አካባቢ የተለመደ ምግብ እርስ በርስ ይስማማሉ የሚል አባባል ያዘወትራሉ። ይህ አጭር ጽሑፍ አባባሉ ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ፣ እውነት በሚሆንበትም ጊዜ ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ ይመረምራል። ለዚህም ከፒየሞንቴ፣ ከኤሚሊያ፣ ከቶስካናና ከካምፓኒያ የተመረጡ ቀይ ወይን ጠጆችን ከየአካባቢያቸው ምግብ ጋር ያነጻጽራል። ንጽጽሩ በሦስት ረገድ ይካሄዳል፤ እነርሱም የጣዕም ኬሚስትሪ፣ የእርሻና የከብት እርባታ ሁኔታ፣ እንዲሁም የሕግና የገበያ ታሪክ ናቸው። የጽሑፉ መከራከሪያ ስምምነቱ የዕለት ማእድ ውጤት ነው የሚል ነው። ሕዝብ በየዕለቱ ሲበላው የኖረው ምግብና በየዕለቱ ሲጠጣው የኖረው ወይን ጠጅ እርስ በርስ ሲተራረሙ ኖረዋል። በክብርና በዋጋ ከፍ ያሉት ወይን ጠጆች ግን በአብዛኛው ከዚህ መተራረም ርቀው ስለ ተሠሩ አባባሉ ለእነርሱ የሚሠራው በከፊል ብቻ ነው።

1. መግቢያ

ኢጣሊያ ሃያ ክፍላተ ሀገር አሏት፤ በሁሉም ወይን ይበቅላል። በመንግሥት መዝገብ የሰፈሩት የወይን ዝርያዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ከተወለዱበት ሸለቆ ወይም ኮረብታ ርቀው አይታወቁም። ምግቡም እንዲሁ ነው። በሰሜን ቅቤ፣ በመካከልና በደቡብ የወይራ ዘይት፣ በፖ ወንዝ ሜዳ ደግሞ የአሳማ ስብ ለረጅም ዘመን የማብሰያ መሠረት ሆነው ኖረዋል። እንዲህ ያለ ልዩነት ባለበት አገር ወይን ጠጁን ከምግቡ ጋር በአካባቢ ማዛመድ ተፈጥሯዊ ይመስላል። ስለዚህም ባሮሎ ከፒየሞንቴ የሥጋ ወጥ፣ ላምብሩስኮ ከኤሚሊያ የአሳማ ሥጋ፣ ኪያንቲ ከቶስካና ጥብስ ጋር እየተጣመሩ በመማሪያ መጻሕፍትም ሆነ በምግብ ቤት ዝርዝር ላይ ይገኛሉ።

ይሁን እንጂ ዝርዝር ምክንያት አይሆንም። አንድ ወይን ጠጅና አንድ ምግብ በአንድ ቀበሌ መገኘታቸው መስማማታቸውን አያረጋግጥም። በተጨማሪም ዛሬ "ጥንታዊ" የሚባሉት ብዙ ጥምረቶች ዕድሜያቸው አጭር ነው። ኢጣሊያ አንድ መንግሥት የሆነችው በ1861 ነው። የፔሌግሪኖ አርቱሲ የምግብ አሠራር መጽሐፍ፣ የአገሪቱን ልዩ ልዩ ማእድ ቤቶች ለአንድ አንባቢ ሕዝብ ያስተዋወቀው፣ የታተመው በ1891 ነው። የኢጣሊያ የጉብኝት ማኅበር የየአካባቢውን ምግብና መጠጥ በዝርዝር የያዘ መምሪያ ያሳተመው ደግሞ በ1931 ነው። በሌላ አነጋገር፣ "የክፍለ ሀገር ምግብ" የሚለው አስተሳሰብ ራሱ በብዛት የተቀረጸው ከአንድነቱ በኋላ ነው። የታሪክ ሊቁ ኤሪክ ሆብስባውም ስለ ተፈጠሩ ልማዶች ያነሣው ጥያቄ እዚህም ይነሣል፤ ልማድ የሚባለው ነገር መቼ፣ በማን፣ ለምን ዓላማ ልማድ ተባለ?

ጥያቄው ለተመራማሪ ቀላል አይደለም። አባባሉን እንደ ማስረጃ የተቀበለ ሰው የሚመረምረው ነገር አይቀረውም፤ እንደ መላ ምት የወሰደው ግን ሊፈትነው ይችላል። ይህ ጽሑፍ ሁለተኛውን መንገድ ይከተላል።

2. ወሰን፣ ዘዴና ቃላት

ጽሑፉ የሰነድ ዳሰሳ ነው። ያጠናቀረው የታተሙ የኬሚስትሪና የታሪክ ሥራዎችን እንዲሁም የወይን ጠጅ መጠሪያዎችን የሚገዙ ደንቦችን ነው። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ነው። አራቱ አካባቢዎች የተመረጡት በእርሻቸው፣ በማብሰያ ስባቸውና በወይን ዝርያቸው ስለሚለያዩ ነው። ነጭ ወይን ጠጅና ጣፋጭ ወይን ጠጅ ከወሰኑ ውጭ ናቸው።

በአማርኛ "ወይን" ተክሉንም ፍሬውንም መጠጡንም ሊያመለክት ስለሚችል፣ እዚህ ተክሉንና ፍሬውን "ወይን"፣ መጠጡን "ወይን ጠጅ" እንላለን። "ኮምጣጣነት" በወይን ጠጁ ውስጥ ያለው አሲድ ምላስ ላይ የሚሰጠው ስሜት ነው። "አፍ አድራቂነት" ደግሞ ብዙ ሰዓት የተጣደ ሻይ ያለ ስኳር ሲጠጣ ድድንና ምላስን የሚያሻክረው ስሜት ነው፤ ይህም ከመራራነት የተለየ ነው። መራራነት ጣዕም ሲሆን አፍ አድራቂነት የመዳሰስ ስሜት ነው። የስሜቱ ዋና ምክንያት ታኒን የተባለው ውሁድ ነው፤ በቀይ ወይን ጠጅ ውስጥ የሚገኘውም ከወይኑ ልጣጭና ዘር፣ አንዳንድ ጊዜም ከእንጨት በርሜል ነው።

"ዲ.ኦ.ሲ." በሕግ ቁጥጥር የሚደረግበት የመነሻ ሥፍራ መጠሪያ ሲሆን በ1963 በወጣ ድንጋጌ ተመሠረተ። ከእርሱ በላይ ያለው "ዲ.ኦ.ሲ.ጂ." የተባለው ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ1980 ነው። ሁለቱም ወይኑ የሚበቅልበትን ወሰን፣ የተፈቀዱትን ዝርያዎችና የሚቆይበትን ዘመን ይደነግጋሉ። በምን ምግብ እንደሚጠጣ ግን አይደነግጉም።

3. የስምምነት የጣዕም መሠረት

ወይን ጠጅና ምግብ ሲገናኙ በአፍ ውስጥ የሚሆነውን በአራት ነጥብ ማጠቃለል ይቻላል።

የመጀመሪያው የታኒንና የፕሮቲን መያያዝ ነው። ታኒን ስሙን ያገኘው ከቆዳ ማልፋት ሥራ ነው፤ ቆዳ አልፊ ከዛፍ ቅርፊት የሚያወጣው ውሁድ ከቆዳው ፕሮቲን ጋር ተያይዞ ቆዳውን እንዳይበሰብስ ያደርገዋል። በአፍ ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ይሆናል። ታኒን ከምራቅ ፕሮቲኖች ጋር ሲያያዝ ፕሮቲኖቹ ይዘቅጣሉ፣ ምራቅ ማለስለሱ ይቀንሳል፣ አፍም ይደርቃል። ሥጋ ወይም አይብ አብሮ ሲበላ ታኒኑ ከምግቡ ፕሮቲን ጋርም ስለሚያያዝ ለምራቁ የሚተርፈው ያንሳል።

ሁለተኛው የስብና የአፍ አድራቂነት ተቃርኖ ነው። ከረንት ባዮሎጂ በተባለ መጽሔት በ2012 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ አፍ አድራቂነቱ ደካማ የሆነ መጠጥ እንኳ በተደጋጋሚ ሲጎነጩት ስሜቱ እየጨመረ ይሄዳል። ጮማ የበዛበት የደረቀ ሥጋ ጉርሻ ከመጠጡ ጋር እየተፈራረቀ ሲወሰድ ግን አንዱ የሌላውን ስሜት ይቀንሳል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ጥናቱ የለካው አንድ ጉንጭና አንድ ጉርሻ ሳይሆን መፈራረቅን መሆኑ ነው። ማእድ ደግሞ በባሕርዩ መፈራረቅ ነው።

ሦስተኛው የአሲድ ሚዛን ነው። ምግቡ ከወይን ጠጁ ይልቅ ኮምጣጣ ከሆነ ምላስ ለኮምጣጣነት ስለሚለመድ ወይን ጠጁ ልል ይሆናል። ስለዚህ ቲማቲም፣ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ የበዛበት ምግብ አሲዱ ከፍ ያለ ወይን ጠጅ ይፈልጋል። አሲድ ምራቅንም ስለሚያመነጭ ከስብ በኋላ አፍን ያጸዳል።

አራተኛው የጨው፣ የዓሣና የቃጠሎ ጉዳይ ነው። ጨው መራራነትን ያደበዝዛል። የአልኮል ብዛት ግን የሚጥሚጣንና የበርበሬን ቃጠሎ ያባብሳል። ቀይ ወይን ጠጅ ከዓሣ ጋር አይሄድም የሚለው የቆየ እምነትም የኬሚስትሪ ምክንያት ተገኝቶለታል። በ2009 የታተመ የጃፓን ተመራማሪዎች ጥናት፣ ከባሕር ምግብ ጋር ሲጠጣ ደስ የማይል የዓሣ ጠረን የሚያስከትለው በወይን ጠጁ ውስጥ ያለው ብረት መሆኑን አሳይቷል። የብረቱ መጠን ከጠጅ ጠጅ ስለሚለያይ እምነቱ ለሁሉም ቀይ ወይን ጠጅ እኩል አይሠራም።

እነዚህ አራት ነጥቦች የአካባቢ ስም አያውቁም። ኬሚስትሪው ለባሮሎም ሆነ በሌላ አህጉር ለተጠመቀ ቀይ ወይን ጠጅ አንድ ነው። ታዲያ አካባቢ ወደ ጉዳዩ የሚገባው በየት በኩል ነው?

4. አራት አካባቢዎች

4.1 ፒየሞንቴ፦ ሦስት ዝርያዎች በአንድ ኮረብታ

በፒየሞንቴ ደቡብ በሚገኙት የላንጌ ኮረብታዎች ሦስት ቀይ ዝርያዎች ጎን ለጎን ይበቅላሉ። ኔቢዮሎ ዘግይቶ፣ ብዙ ጊዜም በጥቅምት፣ የሚሰበሰብ ሲሆን ታኒኑም አሲዱም ከፍተኛ ነው፤ ቀለሙ ግን ፈዛዛ ነው። ባርቤራ አሲዱ ከፍተኛ፣ ታኒኑ ዝቅተኛ ነው። ዶልቼቶ ደግሞ ቀድሞ ይደርሳል፤ አሲዱ ዝቅተኛ ሲሆን መጠነኛ ታኒን አለው። ገበሬው ፀሐይ የሚመታውን ምርጥ ተዳፋት ለኔቢዮሎ ይሰጣል፤ ኔቢዮሎ ሊበስል በማይችልበት ከፍ ባለና በቀዘቀዘ ቦታ ዶልቼቶ ይተክላል።

ባሮሎና ባርባሬስኮ ከኔቢዮሎ ብቻ ይሠራሉ። ባሮሎ በአሥራ አንድ ወረዳዎች ወሰን ውስጥ ብቻ የሚመረት ሲሆን፣ በደንቡ መሠረት ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ቢያንስ 38 ወራት፣ ከእነርሱም 18ቱን በእንጨት ውስጥ መቆየት አለበት። እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያዎች ድረስ ግን የኔቢዮሎ ጠጅ ብዙ ጊዜ ጣፋጭነት ይቀረው ነበር። ፍሬው ዘግይቶ ስለሚሰበሰብ ጠጁ ፈልቶ ሳያልቅ የክረምቱ ቅዝቃዜ ይደርስበትና መፍላቱን ያቆም ነበር። ዛሬ የምናውቀው ደረቅ ባሮሎ የ19ኛው መቶ ዘመን የጠመቃ መሻሻልና የመኳንንት ድጋፍ ውጤት ነው።

አሁን ወደ ማእዱ እንመለስ። ለባሮሎ የሚጠቀሰው ዋና ጓደኛ በራሱ በወይን ጠጁ ለሰዓታት የሚበስለው የበሬ ሥጋ ወጥ ነው። ቀስ ብሎ የበሰለ ሥጋ ፕሮቲንና ከጅማት የወጣ ሙጫ ስላለው ለታኒኑ ብዙ መያዣ ይሰጣል፤ ስምምነቱ በኬሚስትሪ ይደገፋል። ነገር ግን ውድ ወይን ጠጅ በብረት ድስት ውስጥ የሚያፈስሰው ቤት የድሀ ገበሬ ቤት አልነበረም። የገበሬው ቤት ማእድ ሌላ ነበር። በብዙ የእንቁላል አስኳል የሚቦካው ቀጭን ፓስታ፣ በሎሚ የሚታሸው ጥሬ የጥጃ ሥጋ፣ በቅዝቃዜ ወቅት ደግሞ ባኛ ካውዳ የተባለው ትኩስ ማጥቀሻ ይገኙበታል። ባኛ ካውዳ የሚሠራው ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዘይትና አንቾቪ ከተባለ በጨው የተያዘ ትንሽ ዓሣ ነው። ፒየሞንቴ የባሕር በር የላትም፤ አንቾቪው ከሊጉሪያ ጠረፍ በነጋዴዎች ተጭኖ ይመጣ ነበር።

ባኛ ካውዳ ለአባባላችን ጥሩ ፈተና ነው። ዘይት፣ ጨውና ዓሣ ያለበት ምግብ ነው። የባሮሎ ታኒን ለጨዋማው ዓሣ ሸካራ ይሆናል፤ የባርቤራ አሲድ ግን ዘይቱን ይቆርጠዋል፣ ታኒኑም ስለሚያንስ ከዓሣው ጋር አይጣላም። የአካባቢው ሰውም ከዚህ ምግብ ጋር የሚጠጣው ባርቤራ ወይም ዶልቼቶ ነው። ስለዚህ "ከፒየሞንቴ ምግብ ጋር የፒየሞንቴ ጠጅ" ማለት አይበቃም። በአንድ ኮረብታ ላይ አንዱ ዝርያ ሲስማማ ሌላው አይስማማም፤ የሚስማማውም የዕለቱ ጠጅ ነው።

4.2 ኤሚሊያ፦ ከወተት እስከ አረፋ

የኤሚሊያ ጉዳይ ከአራቱ ሁሉ ይልቅ የተያያዘ ነው። በፖ ወንዝ ደቡብ የተዘረጋው ሜዳ ውኃው ብዙ፣ ሣሩ ለምለም ነው፤ ስለዚህ የወተት ላም ይበዛበታል። ከወተቱ ቢያንስ 12 ወራት የሚቆየው ፓርሚጃኖ ሬጃኖ የተባለው ደረቅ አይብ ይሠራል። ከአይቡ የሚተርፈው አጓት ለአሳማ ይሰጣል። ከአሳማው ደግሞ በጨው ብቻ የሚዘጋጀው የፓርማ ፕሮሹቶ፣ የቦሎኛ ሞርታዴላ፣ በሞዴና በአሳማ እግር ቆዳ ውስጥ የሚሞላው ዛምፖኔ ይወጣሉ። ማእዱ በስብ፣ በጨውና በአይብ የተሞላ ነው።

በዚሁ ሜዳ የሚበቅለው ላምብሩስኮ የአንድ ዝርያ ስም ሳይሆን የብዙ ተዛማጅ ዝርያዎች የጋራ ስም ነው። የሶርባራው ላምብሩስኮ ፈዛዛና አሲዱ የሰላ ሲሆን፣ የካስቴልቬትሮው ግራስፓሮሳ ጠቆር ያለና ታኒን ያለው ነው። በድሮው አሠራር ጠጁ በክረምት ቅዝቃዜ መፍላቱን አቋርጦ በጸደይ ሙቀት በጠርሙስ ውስጥ እንደገና ይፈላ ስለ ነበር አረፋው በውስጡ ይቀር ነበር። በኋላ ግን ሁለተኛው መፍላት በትልልቅ ዝግ ጋኖች ውስጥ መካሄድ ጀመረ። አረፋው ተራ ጌጥ አይደለም። በመጠጥ ውስጥ የሟሟ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በምላስ ላይ ኮምጣጣነትንና መንዘርን ያስከትላል፤ ይህ ከጠጁ አሲድ ጋር ተደምሮ የሞርታዴላንና የዛምፖኔን ስብ ከአፍ ያነሣል። አልኮሉም አነስተኛ ስለሆነ በምሳ ሰዓት ተጠጥቶ ወደ ሥራ መመለስ ይቻላል።

የላምብሩስኮ ታሪክ ግን ሌላም ትምህርት አለው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ወደ አሜሪካ በብዛት የተላከው ጣፋጩ ዓይነት ነበር። ውጭ አገር የገነነው ይኸው ጣፋጭ ጠጅ ለብዙ ዘመን የላምብሩስኮን ስም በተራ መጠጥነት አስነቀፈ። በአገሩ ማእድ ላይ የሚቀርበው ደረቁ ዓይነት ግን ከዛምፖኔው አልተለየም። አንድ መጠሪያ በሁለት ገበያ ሁለት ጠጅ ሆነ፤ ከምግቡ ጋር የተስማማው ከምግቡ ያልራቀው ነው።

4.3 ቶስካና፦ የባቄላ በላተኞች ጠጅ

ስለ ኪያንቲ የሚነገረው የተለመደ ነገር ከፊዮሬንቲና ጥብስ ጋር ይጠጣል የሚለው ነው። ጥብሱ ኪያኒና ከተባለው ትልቅ ነጭ የከብት ዝርያ ይቆረጣል። ይህ ዝርያ ግን እስከ 20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ በዋናነት የእርሻ በሬ ነበር፤ ሞፈር የሚጎትት በሬ ደግሞ በየሳምንቱ አይታረድም። የቶስካና ገበሬ ለብዙ ዘመን የኖረው በእኩል አራሽነት ሥርዓት ሲሆን የምርቱን ግማሽ ለባለርስቱ ይሰጥ ነበር። አዲስ እንዲህ ያለ ውል በሕግ የተከለከለው በ1964 ነው። ይህ ገበሬ የሚበላው ጨው የሌለበት ዳቦ፣ ባቄላና አደንጓሬ መሰል ጥራጥሬ፣ ጥቁር ጎመን፣ የወይራ ዘይትና የበግ አይብ ነበር። ቶስካናውያንን ጎረቤቶቻቸው "ባቄላ በላተኞች" ይሏቸው የነበረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ ማእድ ምን ዓይነት ጠጅ ይሠራ ነበር? መልሱን በከፊል የምናገኘው ከባሮን ቤቲኖ ሪካሶሊ ነው። የኢጣሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት እኚህ ባለርስት በ1872 ለአንድ የፒሳ ፕሮፌሰር በጻፉት ደብዳቤ፣ ሳንጆቬዜ ለጠጁ መዓዛና ኃይል እንደሚሰጥ፣ ካናዮሎ ሸካራነቱን እንደሚያለዝብ አስረድተዋል። ማልቫዚያ የተባለው ነጭ ወይን ደግሞ ጠጁን እንደሚያቀጥን ገልጸው፣ ለመቆየት ለታሰበ ጠጅ ቢቀር እንደሚሻል፣ በወጣትነቱ በዕለት ማእድ ለሚጠጣው ግን እንደሚጠቅም አመልክተዋል። ከዚህ በተጨማሪ ጎቬርኖ በተባለው ልማድ በከፊል የደረቀ ወይን ወደ ፈላው ጠጅ ይጨመር ነበር፤ ጠጁም እንደገና ጥቂት ፈልቶ ለስላሳና ቶሎ የሚጠጣ ይሆን ነበር። ስብ ለሌለው የጥራጥሬ ማእድ ታኒኑ የሻከረ ጠጅ እንደማይስማማ ጠማቂው ያለ ኬሚስትሪ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ሕጉ ግን ሁለቱን ጠጆች አላስተዋለም። የኪያንቲ ወሰን በሜዲቺው ታላቅ መስፍን በቀዳማዊነት የተከለለው በ1716 ነበር። በ1967 የወጣው የዲ.ኦ.ሲ. ደንብ ከ10 እስከ 30 በመቶ ነጭ ወይን እንዲጨመር ለሁሉም ግዴታ አደረገ። ለዕለት ማእድ የታሰበው ቅንብር ለሚቆየው ጠጅም ሕግ ሆነበት። በዚህ የተነሣ አንዳንድ ጠማቂዎች ከመጠሪያው ወጥተው ምርታቸውን ዝቅተኛ በሆነው "የገበታ ጠጅ" ስም መሸጥን መረጡ። በ1984 የነጩ ድርሻ ተቀነሰ፤ በኪያንቲ ክላሲኮ ደግሞ ከ2006 ወዲህ ነጭ ወይን ተከለከለ። የዛሬው ኪያንቲ ክላሲኮ ቢያንስ 80 በመቶ ሳንጆቬዜ ነው፤ ለጥብሱም ከድሮው ይልቅ የተመቸ ነው። ጠጁ ማእዱን ተከትሎ ተለወጠ፤ ማእዱ ራሱ ከገበሬው ቤት ወደ ከተማው ምግብ ቤት ስለ ተዛወረ።

የሳንጆቬዜና የቲማቲም ጥምረትም እንዲሁ መታየት አለበት። የሳንጆቬዜ አሲድ ከቲማቲም ጋር እንደሚስማማ በሦስተኛው ክፍል ከተገለጸው መረዳት ይቻላል። ቲማቲም ግን የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው። በቶስካና መታወቁ በ1548 በሜዲቺ ቤት ሰነድ ቢመዘገብም፣ በሕዝቡ ማእድ ላይ የተስፋፋው ብዙ ቆይቶ ነው። ሁለቱ የተገናኙት አብረው ስለ በቀሉ አይደለም፤ ሲገናኙ ግን ተስማምተው ተገኙ።

4.4 ካምፓኒያ፦ ተራራና ጠረፍ

በካምፓኒያ ተራራማው ኢርፒኒያ የሚበቅለው አልያኒኮ አሲዱም ታኒኑም ከፍተኛ ነው፤ አዝመራው እስከ ኅዳር ይዘገያል። ከእርሱ የሚሠራው ታውራዚ በ1993 ዲ.ኦ.ሲ.ጂ. ሲሆን ቢያንስ ሦስት ዓመት፣ ከዚህም አንዱን ዓመት በእንጨት ይቆያል። ኢርፒኒያ የበግ፣ የፍየልና የአሳማ አገር ነው፤ ካቾካቫሎ የተባለው አይብም ይገኝበታል። ጠንካራው ጠጅና ጠንካራው ሥጋ ይስማማሉ። ከዚያ ወደ ባሕሩ ሲወረድ ግን በኔፕልስ ጠረፍ ዓሣና ቲማቲም ይነግሣሉ፤ እዚያ የሚጠጣው ቀይ ወይን ጠጅ ታኒኑ ለስላሳ የሆነው ፒየዲሮሶ ነው። ርቀቱ ጥቂት ነው፤ የአስተዳደር ክልሉም አንድ ነው። ስምምነትን በክፍለ ሀገር ስም መመደብ ምን ያህል ሻካራ ሚዛን እንደ ሆነ ከዚህ ይታያል።

5. ውይይት

ከአራቱ አካባቢዎች ሦስት ነገሮች ይወጣሉ።

አንደኛ፣ አካባቢ ወደ ስምምነቱ የሚገባው በእርሻው በኩል ነው። ሣሩ ላሟን፣ ላሟ አጓቱን፣ አጓቱ አሳማውን፣ አሳማው የስቡን ዓይነት ይወስናል። የስቡ ዓይነትና ብዛት ደግሞ ከጠጁ የሚፈለገውን አሲድና ታኒን ይወስናል። አፈሩ ለወይኑም ለከብቱም የጋራ መነሻ ቢሆንም፣ በአፈሩና በጣዕሙ መካከል የሰው ውሳኔ አለ። ገበሬው ዶልቼቶን በቀዝቃዛው ተዳፋት መትከሉ፣ ጠማቂው ማልቫዚያን ወደ ሳንጆቬዜ መጨመሩ፣ ሁለቱም ለዕለት ማእድ የተደረጉ ምርጫዎች ናቸው።

ሁለተኛ፣ ስምምነቱ ጠንካራ የሆነው በዕለት ጠጆች ላይ ነው። ባርቤራ፣ ደረቁ ላምብሩስኮ፣ ወጣቱ ኪያንቲና ፒየዲሮሶ ከየማእዳቸው ጋር ያላቸው ትስስር በኬሚስትሪም በታሪክም ይደገፋል። ባሮሎና ታውራዚ ከወፍራም ሥጋ ጋር መስማማታቸው እውነት ቢሆንም፣ ይህ ስምምነት ከየትኛውም አገር ወፍራም ሥጋ ጋር የሚገኝ ነው። በእነርሱ ላይ አካባቢው ከማስረጃነት ይልቅ ወደ ስም ያዘነብላል።

ለዚህ መከራከሪያ የሚቀርብ ተቃውሞ አለ። ታላላቆቹ ጠጆችም ለበዓል ማእድ ተሠርተዋል፤ የበዓል ማእድም የአካባቢ ማእድ ነው ሊባል ይችላል። ተቃውሞው ክብደት አለው። ነገር ግን መተራረም ድግግሞሽ ይፈልጋል። በዓመት ሁለት ጊዜ የሚቀርብ ጥምረት ስሕተቱን ለማረም ዘመናት ይፈጅበታል፤ በየቀኑ የሚቀርበው ግን በአንድ ትውልድ ሊታረም ይችላል።

ሦስተኛ፣ የአባባሉ ጥቅም በተቃራኒ ምሳሌዎች ይለካል። የሊቮርኖ ጠረፍ ካቹኮ የተባለ የዓሣ ወጥ በቲማቲምና በቀይ ወይን ጠጅ ተሠርቶ ከቀይ ወይን ጠጅ ጋር ይቀርባል። "ዓሣ ከነጭ ጋር" የሚለውን ሕግ ያፈርሳል፤ "የአካባቢው ከአካባቢው ጋር" የሚለውን ግን ይደግፋል። ባኛ ካውዳና ባሮሎ ደግሞ ሁለተኛውን ያፈርሳሉ። ሁለቱንም ምሳሌዎች በአንድነት የሚያስረዳው ሕግ የአካባቢ ሕግ አይደለም፤ የአሲድ፣ የታኒን፣ የስብና የጨው ሚዛን ነው።

ይህ ውጤት ለወደፊቱ ምርምር ቁም ነገር አለው። የአየር ንብረት እየሞቀ ሲሄድ ወይን ቀድሞ ይደርሳል፤ በፍሬው ውስጥ ያለው ስኳር ይጨምራል፣ አሲዱ ይቀንሳል። ከስኳሩ የሚገኘው አልኮልም ከፍ ይላል። የመጠሪያ ደንቦች ዝርያውንና ወሰኑን ይጠብቃሉ፤ የጣዕሙን ሚዛን ግን መጠበቅ አይችሉም። አሲዱ የቀነሰ ባርቤራ በስሙ ባርቤራ ሆኖ ይቀራል፤ የባኛ ካውዳን ዘይት መቁረጡ ግን አጠራጣሪ ይሆናል። በሌላ አነጋገር ሕጉ መጠሪያውን እየጠበቀ፣ መጠሪያው የቆመለት ስምምነት ሊፈርስ ይችላል።

6. ማጠቃለያ

አብሮ የበቀለ ሁሉ አብሮ አይስማማም። የሚስማማው አብሮ የኖረ ነው። በአራቱ አካባቢዎች እንደ ታየው፣ ቀይ ወይን ጠጅና ምግብ የሚዛመዱት የአንድ አካባቢ ሰዎች ሁለቱንም ለአንድ ገበታ ሲያዘጋጁ፣ ሲቀምሱና ሲያርሙ ስለ ኖሩ ነው። ቲማቲምን የመሰለ ባዕድ ተክል በዚህ ገበታ ላይ ቦታ አግኝቷል፤ ጣፋጩን ላምብሩስኮ የመሰለ የአገር ልጅ ደግሞ ከገበታው ወጥቷል።

ስለዚህ የምግብና የወይን ጠጅን ዝምድና የሚያጠና ተማሪ የክፍላተ ሀገርን ዝርዝር በቃሉ ከመያዝ ይልቅ ሦስት ጥያቄዎችን ቢያስቀድም ይጠቅመዋል። ምግቡ ምን ያህል ስብ፣ ጨውና አሲድ አለው? ጠጁ ለማን ማእድ ነበር የተጠመቀው? ጥምረቱስ ልማድ የተባለው ከመቼ ጀምሮ ነው? የመጀመሪያውን ኬሚስት፣ ሁለተኛውን የእርሻ ታሪክ አጥኚ፣ ሦስተኛውን የሰነድ መርማሪ ይመልሳል። ሦስቱ በአንድ ጥናት ላይ ከተገናኙ፣ ዛሬ በአባባል ደረጃ ያለው ዕውቀት ወደ ተፈተነ ዕውቀት ሊሸጋገር ይችላል።